ሁለት እፍኝ ሰርዶ

ከላንቴ እስከ አርባ ምንጭ ሴቻ ስሜን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ አዲስ መጥቷል፣ ወይ ጆሮው ችግር አለበት። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ደግሞስ ብኮራ ምን አለበት? የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ማንበብ የቻልኩ ሰው ነኝ። ፊደል የለየሁት ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ቁራጭ ጋዜጣ ላይ ነው። የአፍ መፍቻዬ ጋሞኛ ነው፤ ግን ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አማርኛ ሲጠፋባቸው "አባባ ኦልታዬ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚባለው?" እያሉ ይጠይቁኛል። እነግራቸዋለሁ። የተሳሳቱትንም አርማለሁ።

በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወጣቶችን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ከትምህርቶቼም ሁሉ የታወቀው "ክርስቲያንና መንግሥት" የሚለው ነው። ከጫኖ ድረስ እየመጡ ይሰሙታል። ደግሞ የማልሠራውን አላስተምርም። ግብር ሲደርስ ቀድሜ የምገኘው እኔ፣ ለቦይ ጠረጋ ሲጠራ ዶማዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ የመጀመሪያው እኔ፣ ምርጫ ሲሆን ከሰልፉ ፊት እኔ ነኝ። "መንግሥት ሲጠራህ ተደብቀህ፣ እግዚአብሔር ሲጠራኝ አቤት እላለሁ አትበለኝ" የምትለዋ አባባል የእኔ ናት። አሁን ሌሎችም የራሳቸው አስመስለው ይናገሯታል፤ ግድ የለም፣ ይናገሯት።

እንግዲህ አንድ የበልግ ጠዋት በመንግሥት ፊት ቆሞ "አታልፍም" ያለው ሰው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው ልንገራችሁ። የሙዝ ማሳዬ ላንቴ ውስጥ ከወንዙ ብዙም አይርቅም። በስተምሥራቅ ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ከዛፉ ሥር ሆኖ አባያ ሐይቅ ይታያል። አባያ ጠዋት ጠዋት ሐይቅ አይመስልም። ጭጋግ ይተኛበትና ምድር እዚያ ያለቀች ይመስላል። ባለቤቴ ሎሚቱ ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጣ፣ "ኦልታዬ፣ ዓለም እዚህ ጋ አለቀች፤ ከዚህ ወዲያ ዝም ብሎ ብርሃን ነው" ትለኝ ነበር። ስትታመም እዚያው ቅበረኝ አለችኝ። ቀበርኳት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ተነስቼ የሙዙን ቅጠል በእጄ እየከፈትኩ ወደ እሷ መሄድ ልማዴ ሆነ። ጤዛው ትከሻዬ ላይ ይንጠባጠባል፤ እኔም የቀኑን ወሬ እነግራታለሁ። ሰው ቢሰማኝ አብዷል ይል ነበር፤ ማንም አልሰማኝም።

ወንዛችን ተንኮለኛ ነው። ዝናቡ ጨንጫ ተራራ ላይ ይዘንባል፣ ውሃው እኛ ጋ ይደርሳል። እኛ ፀሐይ እየሞቅን፣ ሰማዩም ጥርት ብሎ፣ ድንገት የሌላ አገር ዝናብ ቤታችን ይገባል። ስለዚህ መንግሥት ጎርፉን ወደ ሐይቁ የሚያወርድ ቦይ ላስቆፍር ሲል፣ በስብሰባው ላይ ተነስቼ የጸለይኩት እኔ ነኝ። መስመሩ ከእኔ ማሳ በታች ነበር የሚያልፈው። ቆፋሪው ኤክስካቫተር ከሐይቁ ጀምሮ ወደ ላይ መጣ፤ ከወንዙም ጀምሮ ወደ ታች ወረደ። ሁለቱ ጫፎች ሊገናኙ ጥቂት ሲቀራቸው ወንዙ ዳርቻውን በላው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ወደ ማሳዬ መጡ። አንዱ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር መስፍን ነው፤ በእኔ የእሑድ ትምህርት ያደገ ልጅ። ሌላዋ ሕይወት የምትባል ወጣት ኢንጂነር ናት፤ አገሯ ደሴ ነው፣ ከሴቻ ተልካ የምትሠራ። ጭቃ እስከ ጉልበቷ ደርሷል።

"አባቴ፣ መስመሩ ተቀይሯል" አለችኝ። "አፈሩ ስለተናደ የድሮው አቅጣጫ ውሃ አይዝም። የቀረን መንገድ ይኼ ብቻ ነው።" በእጇ አሳየችኝ። እጇ በሙዙ መካከል አለፈና ማንጎው ላይ ቆመ።

"እዚያ ሚስቴ አለች" አልኳት።

መስፍንን ዞር ብላ አየችው። እሱ መሬት መሬቱን አየ።

"አልነገርከኝም" አለችው።

"እንዴት ብዬ ልንገርሽ?" አለ በለሆሳስ።

"አፅሙን በክብር እናነሳለን" አለችኝ። "ሰው እናስመጣለን፣ በሥርዓቱ..."

"ሎሚቱ ዕቃ አይደለችም" አልኳት፤ ወደ ቤቴም ገባሁ።

በማግስቱ ማለዳ ኤክስካቫተሩ ሲመጣ ድምፁን ከሩቅ ሰማሁት። ጭጋጉ ገና አልተነሳም ነበር። ቢጫው ማሽን ከጭጋጉ ውስጥ መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ አንገቱን እያወጣ መጣ፤ በሕልም እንደሚታይ አውሬ። ከማሳው ዳር ሰርዶ ሳር አለ፣ ጤዛ የጠገበ። ጎንበስ ብዬ እፍኝ ሙሉ ከነሥሩ ነቀልኩ። ከማሽኑ ፊት ሄጄ ተንበረከክኩና ሳሩን ከፊቴ ዘረጋሁ።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ጠብ ሲነሳ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው በመሃል ይንበረከካሉ። እነሱን ረግጦ የሚያልፍ የለም። ያለፈ ሰው ጎሜ ይከተለዋል፤ ነውርም እርግማንም አንድ ላይ ማለት ነው። እኔ አማኝ ነኝ፣ ጎሜን አልፈራም። የማሽኑ ነጂ ዱባለ ግን የጨንጫ ጋሞ መሆኑን አውቅ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ቶሎ አስባለሁ፤ ተፈጥሮዬ ነው።

ዱባለ ሳሩን አየ። ማሽኑን አጠፋ። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ወረደ።

"ምን ሆንክ?" አለው መስፍን።

"ምን ልሁን? አታይም እንዴ?"

"እያየሁ ነው። ሳር ነው!"

"እንግዲያው አንተ ንዳው" አለ ዱባለ። ከማሽኑ ጎን ቁጭ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

መስፍን ወደ እኔ መጥቶ ቁጢጥ አለ። "አባባ፣ ይሄ ትምህርት ለእኛ ብቻ ነበር እንዴ? ባለ ሥልጣንን የሚቃወም የእግዚአብሔርን ሥርዓት ይቃወማል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?"

"ማን ተቃወመ?" አልኩት። "ተንበርክኮ የሚቃወም ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ እየለመንኩ ነው።"

"የሚለምን ሰው እኮ እምቢ ሊባል ይችላል። እርስዎን ግን እምቢ ማለት አይቻልም!"

መልስ አጣሁ ልል ነበር፤ ግን አላጣሁም። "እሱ የእናንተ ችግር ነው" አልኩት። ዱባለ ከተቀመጠበት ሳቀ።

መስፍን ሲነሳ ግን ድምፁ ተለወጠ። "እናቴ ታች ናት፣ አባባ" አለና ሄደ።

ታች ማለት ቦይ ካልተቆፈረ ጎርፉ የሚተኛበት ሰፈር ነው። የመስፍን እናት የሎሚቱ የልብ ጓደኛ ነበረች። ሎሚቱ ያረፈች ቀን ገላዋን ያጠበቻት እሷ ናት።

ፀሐይ ወጣች። ጭጋጉ ተነሳ፤ ሐይቁም ቀይ ሆኖ ታየ። ሙቀቱ እየከበደ ሲመጣ ጉልበቴን አጣጥፌ ተቀመጥኩ፤ ሳሩን ግን አልለቀቅሁም። ሰዎች መጡ፣ በሩቁ ቆሙ፣ ተመልሰው ሄዱ። የሙዝ ቅጠል በነፋስ ሲነካካ ዝናብ የሚዘንብ ይመስላል፤ ሲቆም ደግሞ አንድ ሰው ሊናገር አፉን የከፈተ ይመስላል። እንቅልፍ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም፣ ዐይኔ ከበደ።

ሎሚቱ በሙዙ መካከል መጣች። ያረጀ ነጠላዋን እንደለበሰች፣ እጇ በዱቄት ነጭ ሆኖ፣ በሕይወት ሳለች ከሥራ መሃል ብቅ እንደምትል። ታመሰግነኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ማሽን ያቆምኩላት እኔ አይደለሁ? እሷ ግን በአጠገቤ አልፋ ከማንጎው ሥር ቆመችና በእጇ ፀሐይ ከልላ ወደ ታች ተመለከተች።

"የመስፍን እናት ልብሷን አላነሳችም" አለች።

"ሎሚቱ፣ እኔ እኮ..."

"ልብሷን ከገመድ ላይ ታንሳ በላት፣ ኦልታዬ። ዝናብ ይመጣል።"

ዐይኔን ከፈትኩ። ማንም አልነበረም። ወደ ታች አየሁ። ከጣራዎቹ መሃል አንድ ገመድ ላይ ነጭ አንሶላ ተሰጥቷል፤ ነፋሱ ይነፋዋል፣ ይለቀዋል። ፀሐዩ እዚያ ላይ ስለበረታ ዐይን ይወጋል። ዞሬ ወደ ጨንጫ ተመለከትኩ። ተራራው የለም። በቦታው ጥቁር ደመና ቆሟል፤ ውስጡ እየተብለጨለጨ፣ ድምፅ ግን የለውም።

ዱባለም አይቶታል። ባዶ እግሩን ቆሞ ነበር።

"አባ፣ ዘንቧል" አለኝ። "አገሬን አውቀዋለሁ፤ ይሄ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚህ ነው።"

"አውቃለሁ" አልኩት።

ታዲያ ለምን አልተነሳህም ትሉኝ ይሆናል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልነሳ ፈልጌ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተንበርክኬ፣ ማንም ሳይለምነኝ ሱሪዬን አራግፌ መነሳት አልሆነልኝም። ኩራት ይሁን ሐዘን፣ ሁለቱም ጉልበቴ ላይ ተቀምጠው ነበር።

በዚህ ጊዜ ሕይወት መጣች። ጠዋት ሙሉ ስልክ ስትደውል፣ ከወንዙ ወደ ማሽኑ ስትመላለስ ነበር። ፖሊስ ጠርታለች ብዬ ነበር የማስበው። ብቻዋን ነበረች። ከእኔ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ ሳሩን አየችው።

"ተማሪ ሆኜ እዚሁ አርባ ምንጭ ነበርኩ" አለች። "አንድ ቀን ሲቀላ ሰፈር ወጣቶች ተጣልተው ድንጋይ ሲወራወሩ፣ እኔና ጓደኞቼ ሱቅ ውስጥ ተደበቅን። ከዚያ ሽማግሌዎች መጥተው አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። ሳር ይዘው። ድንጋዩ ቆመ። ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ ግን ያን ቀን ቤቴ የገባሁት በእነሱ ነው።"

ወደ ማሳው ዳር ሄደች፣ ጎንበስ አለች፣ በሁለት እጇ ሰርዶ ነቀለች። ሰርዶ ለእንግዳ እጅ አስቸጋሪ ነው፤ ታገለችው። ከነአፈሩ ይዛ መጣችና ከፊቴ፣ ጭቃው ውስጥ፣ ተንበረከከች።

መስፍን ከሩቅ፣ "ኧረ ኢንጂነር!" ብሎ ሮጠ። ደርሶ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ቆመ።

"አባቴ" አለችኝ። "የላከኝ መንግሥት ነው። እኔ በእሱ ፈንታ ነው የምለምንዎት። ባለቤትዎን በእጃችን እናነሳታለን እንጂ ማሽን አይነካትም፤ ቃሌ ነው። እባክዎ ያሳልፉን። ታች ሰው አለ።"

አንባቢዎቼ፣ አስቡት። በእኔ በኦልታዬ ፊት መንግሥት ተንበርክኮ ለመነኝ። በዕድሜዬ ብዙ መንግሥት አይቻለሁ። የጮኸብኝ አለ፣ የናቀኝ አለ፣ ያጨበጨበልኝም አለ። ሳር ይዞ የመጣ ግን አልነበረም።

ዱባለ አገጩን አሸት አሸት አደረገና፣ "አሁን ጉድ መጣ" አለ። "ሁለት ሳር ተፋጠጠ። ማን ነው የሚነሳው?"

እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ስለ መደረጉ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ሕጉን እኔ አወጣሁት። "ታላቅ ቀድሞ ይነሳል፣ ታናሹንም ያነሳል" አልኩ። ተነሳሁ። ጉልበቴ ጮኸ። ሳሬን በግራ እጄ ያዝኩና ቀኝ እጄን ለልጅቷ ሰጠሁ። ስትነሳ እያለቀሰች ነበር፤ ወይ ላብ ነው፣ አላጣራሁም።

"መስፍን!" አልኩ።

"አቤት አባባ!"

"እናትህን ልብሷን ከገመድ አንሺ በላት። ከዚያ አካፋ የያዘ ሰው ሁሉ ይዘህ ና።"

መጡ። ከታች ሰፈር የመጣው ሰው ዶማ፣ አካፋ፣ አንዳንዱም ባዶ እጁን ይዞ ነው። የመስፍን እናት ቡልኮ ይዛ መጣች፤ ከገመዱ ላይ ያነሳችው አንሶላም ትከሻዋ ላይ ነበር። ማንም አልጮኸም። አካፋው በቀስታ ይወርዳል፣ በቀስታ ይወጣል። አንዲት ሴት መዝሙር ጀመረች፤ ሌሎቹ በአፍንጫቸው ተቀበሏት። ተራራው ላይ ደመናው ያለ ድምፅ ይብለጨለጫል፤ እኛ ጋ ፀሐይ፣ ቢራቢሮም ነበር። ይህ ሁሉ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም።

ሎሚቱን የመስፍን እናት በአንሶላዋ ሰበሰበቻት፤ በላዩ ቡልኮውን ጠቀለለችና ክንዴ ላይ አኖረቻት። "ያዛት" አለችኝ። ቀላል ነበረች። በሙሽርነቷ ቀን ወንዙን ሳሻግራት እንኳ እንዲህ አልቀለለችኝም። አቅፌያት በሙዙ መካከል ወደ ላይ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ሄድኩ፤ ሕዝቡ ከኋላዬ። ጥቂት እንደሄድን የዱባለ ማሽን ሲነሳ ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም። ማንጎው ሲወድቅ ግን መሬቱ በእግሬ ሥር ተነቃነቀ።

ግቢው ከፍታ ላይ ነው። ጉድጓዱን ጨርሰን፣ አፈሩን አልብሰን፣ ወንጌላዊው አሜን ሳይል የጎርፉ ድምፅ መጣ። ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲተነፍስ ይመስላል። ሁላችንም ወደ ጫፉ ሄድን። ቀዩ ውሃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣ፣ አዲሱን ቦይ አገኘው፣ እንደ ማመንታት አለ፤ ከዚያ ገባ። በማሳዬ መካከል አለፈ። ሎሚቱ ተኝታ በነበረችበት ላይ አለፈ። ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ዓለም አለቀች ወደምትለው ቦታ። ታች ሰፈር ጣራዎቹ ፀሐይ ላይ ያበራሉ። ባዶው ገመድ ይወዛወዛል።

"አየሽ" አልኳት በልቤ። ለማን እንደተናገርኩ ታውቃላችሁ።

አሁን የምላችሁን ስሙኝ። ስለ መንግሥት ለብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ጥሩም አስተምሬያለሁ። ነገር ግን ሐዋርያው ባለ ሥልጣን የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው ሲል፣ "ባለ ሥልጣን" የሚለውን ጮክ ብዬ፣ "አገልጋይ" የሚለውን ቶሎ ብዬ አልፈው ነበር። አንዲት ወጣት በጭቃ ውስጥ ተንበርክካ አሳየችኝ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ መንግሥትን መታዘዝ ማለት ሐዘንህን መዋጥ አይደለም። ሂድ፣ ተንበርከክ፣ የሚያምህን ንገረው። ዝም ብሎ የሚታዘዝ ሰው ከማሽን አይሻልም። ግን ሳርህን ይዘህ ስትንበረከክ አንድ ጊዜ ወደ ታች ተመልከት፤ የማን ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል? እኛ ሳር የተሰጠን ለሌላው ሰው እንድንለምንበት ነው። ለራስህ ከያዝከው፣ የምትነሳበት ሰዓት እንዳያልፍብህ ፍራ። ባለ ሥልጣን ሆነህ ይህን የምታነብ ከሆነ ደግሞ፣ ሱሪህ ጭቃ ቢነካው አትሞትም።

ሰው ሲያረጅ የሠራውን መናገር አለበት፤ ሌላ ማን ይናገርለታል? ስለዚህ በዚያ ሰሞን የቻልኩትን ልዘርዝርላችሁ።

ሰው የማያቆመውን ኤክስካቫተር በእፍኝ ሳር አቆምኩ።

ያቆምኩትን ራሴ አስነሳሁ፤ ይኼኛው ይከብዳል።

ሁለት ሳር ሲፋጠጥ ማን እንደሚነሳ ሕግ አወጣሁ። ዱባለ ጨንጫ ወስዶ ለሽማግሌዎቹ ነግሯቸው ተስማምተውበታል።

ሚስቴን በክንዴ ተሸክሜ ዳገት ወጣሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሳላርፍ።

"ክርስቲያንና መንግሥት" የሚለውን ትምህርቴን እንደ አዲስ አሰናዳሁ። አሁን መስፍን ከፊት ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ይመልስልኛል። ሕይወት ኦርቶዶክስ ናት፣ ግን አንድ እሑድ መጥታ ከኋላ ተቀምጣ ሰምታኛለች፤ "ትንሽ ይረዝማል" ብላለች። አላሳጠርኩትም።

ከቦዩ ዳርና ዳር ሙዝ ተከልኩ። ይዟል።

ደግሞ የእኔንም የሕይወትንም እፍኝ ሰርዶ፣ ከነአፈሩ፣ በሎሚቱ ራስጌ አንድ ላይ ተከልኩት። ሰርዶ ታውቁታላችሁ፤ ሥር ከሰደደ አይመለስም፣ መቃብሩን አልብሶታል። የትኛው የእኔ፣ የትኛው የመንግሥት እንደሆነ አሁን እኔም አልለየውም።